የአውቶቡስ ሰዓትና አዲሶቹ ተቆጣጣሪዎች

በታላላቅ ከተሞች የሚኖር ሰው ከዕድሜው ምን ያህሉን በፌርማታ ላይ ቆሞ እንደሚያሳልፍ ቆጥሮ አያውቅም። ለደመወዙ፥ ለቤት ኪራዩና ለልጆቹ የትምህርት ቤት ክፍያ በጥንቃቄ ሒሳብ የሚይዘው ሰው፥ አውቶቡስ ሲጠብቅ ስላለፈበት ሰዓት ደብተር አይዝም። ይኸን ደብተር በእርሱ ፈንታ የሚይዙለት የትራንስፖርት መሥሪያ ቤቶች ናቸው። ቀድሞ በመንገድ ዳር ሰዓትና እርሳስ ይዞ የሚቆም ተቆጣጣሪ ነበረ፤ ከእርሱ በኋላ፥ ከሳተላይት በሚቀበለው ምልክት አውቶቡሱ ያለበትን ስፍራ ለማዕከሉ የሚያስታውቅ መሣሪያ መጣ፤ አሁን ደግሞ ይኸ መሣሪያ የሚልከውን የቁጥር ጎርፍ ሌሊትና ቀን ሳይሰለች የሚያነብና ያነበበውንም በሪፖርት መልክ ጽፎ የሚያቀርብ ሰው ሠራሽ ወኪል እየመጣ ነው።

የዚህ ጽሑፍ አሳብ ስለዚሁ ስለ ሦስተኛው ተቆጣጣሪ ጥቂት ለመናገር ነው። ተማሪዎችና ወጣት ባለሥልጣኖች ነገሩን ለኮምፒዩተር ዐዋቂዎች ብቻ የሚተው አድርገው ባያዩት እወዳለሁ፤ ወኪሉ የሚቆጥርበትን መሣሪያ መርጦ የሚሰጠው ሰው ነውና፥ የመሣሪያውም ምርጫ በፌርማታ የቆመውን ሕዝብ የሚነካ የአስተዳደር ጉዳይ ነውና። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ ወኪል የሚባለው ምን እንደ ሆነ እንመልከት። ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባለውንና በጽሑፍ ለተጠየቀው በጽሑፍ የሚመልሰውን ፕሮግራም አንባቢ ዛሬ በእጅ ስልኩ ያውቀዋል። ይኸው ፕሮግራም ብቻውን ሲሆን የሚያውቀው የተማረውን ነው፤ ዛሬ ጧት የተነሣው አውቶቡስ የት እንደ ደረሰ ቢጠየቅ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። እንዲያውቅ ከተፈለገ መሣሪያ ሊሰጠው ይገባል። እዚህ ላይ መሣሪያ የምንለው፥ ወኪሉ ስሙን ጠርቶ «ይኸን አምጣልኝ» ወይም «ይኸን አስላልኝ» ሊለው የሚችል ሌላ ትንሽ ፕሮግራም ነው። አንዱ መሣሪያ የጊዜ ሰሌዳውን ያነብለታል፤ ሁለተኛው አውቶቡሶቹ በዚህች ደቂቃ ያሉበትን ስፍራ ያመጣለታል፤ ሦስተኛው በአንድ ፌርማታ ላይ ከአንዱ አውቶቡስ እስከሚቀጥለው ያለፈውን ደቂቃ ያሰላለታል። ስሌቱን ለመሣሪያ መስጠት ይሻላል፤ የቋንቋ ፕሮግራም ረዥም ሒሳብ በቃሉ ሲሠራ ይሳሳታልና። እንዲህ ያሉ መሣሪያዎችን ከልዩ ልዩ ፕሮግራሞች ጋር በአንድ ሥርዓት ለማገናኘት አንትሮፒክ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ2024 መጨረሻ አንድ ፕሮቶኮል አወጣ፤ ከዚያም በኋላ ሌሎች ታላላቅ ኩባንያዎች ተቀበሉት።

ወኪሉ የሚያነበው የአውቶቡስ መዝገብ ግን ከዚህ ሁሉ የቀደመ ታሪክ አለው። በአሜሪካ በኦሬጎን ግዛት፥ በፖርትላንድ ከተማ፥ ትራይሜት በተባለው የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ይሠሩ የነበሩት ቢቢያና ማክሂዩ፥ ሰው በማያውቀው ከተማ ውስጥ በመኪና የሚሄድበትን መንገድ በኮምፒዩተር በቀላሉ ሲያገኝ በአውቶቡስ የሚሄድበትን ለማግኘት ለምን ይቸገራል ሲሉ ጠየቁ። በ2005 ከጎግል መሐንዲሱ ከክሪስ ሃረልሰን ጋር ተባብረው የጊዜ ሰሌዳ የሚጻፍበት አንድ ቅርጽ እንዲወጣ አደረጉ። ዛሬ ጂ.ቲ.ኤፍ.ኤስ. በሚባል ስም በዓለም የታወቀው ይኸ ነው። ምሥጢር የለውም፤ ቃሎችና ቁጥሮች በኮማ ተለያይተው የሰፈሩባቸው ጥቂት የጽሑፍ መዝገቦች ናቸው። አንዱ ፌርማታዎቹን፥ አንዱ መስመሮቹን፥ አንዱ ጉዞዎቹን፥ ሌላውም እያንዳንዱ ጉዞ በእያንዳንዱ ፌርማታ የሚደርስበትን ሰዓት ይዘረዝራል። በ2011 ደግሞ አውቶቡሱ አሁን ያለበትን ስፍራና ምን ያህል እንደ ዘገየ የሚናገር ተጨማሪ ክፍል ወጣለት። በእንግሊዝም በ2017 የወጣው የአውቶቡስ አገልግሎት ሕግ ከለንደን ውጭ ያሉት ኩባንያዎች የጊዜ ሰሌዳቸውንና የአውቶቡሶቻቸውን ስፍራ ለሕዝብ ክፍት እንዲያደርጉ መንገድ ከፍቷል።

በዚሁ ቅርጽ ውስጥ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። ከእኩለ ሌሊት በኋላ፥ ማለት በፈረንጅ ሰዓት 1፡30 ላይ የሚያልፍ የሌሊት አውቶቡስ በሰሌዳው 25፡30 ተብሎ ይጻፋል። ጉዞው የትናንቱ የሥራ ቀን ተቀጽላ እንጂ የዛሬው መጀመሪያ ስላልሆነ ነው። ቀኑን በእኩለ ሌሊት የማይጀምር የእኛ አገር ሰው ይኸን ለመረዳት ብዙ አይቸገርም። መሣሪያው ይኸን ያላስረዳው ወኪል ግን፥ ወይ ጉዞውን እንደ ስሕተት ቆጥሮ ይጥለዋል፥ ወይ ደግሞ አውቶቡሱ አንድ ሙሉ ቀን ዘገየ ብሎ ይጽፋል። ሁለቱም የሌሊት ሠራተኛውን ጉዞ ከደብተር የሚያወጡ ናቸው።

ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። «አውቶቡሱ በሰዓቱ ደረሰ» ማለት ምን ማለት ነው? በእንግሊዝ አገር በተለመደው አቆጣጠር፥ ከሰሌዳው ከ1 ደቂቃ በላይ ያልቀደመና ከ5 ደቂቃ ከ59 ሴኮንድ በላይ ያልዘገየ አውቶቡስ በሰዓቱ እንደ ደረሰ ይቆጠራል። በቀን ሁለት ጊዜ ብቻ አውቶቡስ ለሚያልፍበት የገጠር መንደር ይኸ ትክክለኛ መለኪያ ነው፤ በዚያ የሚኖረው ሰው ሰሌዳውን አይቶ ከቤቱ ይወጣልና። በየ10 ደቂቃው አውቶቡስ በሚመጣበት የከተማ መስመር ላይ ግን መለኪያው ብዙ ነገር ይሰውራል።

ወረቀትና እርሳስ ይዘን እንሞክረው። በሰሌዳው መሠረት አውቶቡሶች በ2፡00፥ በ2፡10፥ በ2፡20 እና በ2፡30 ይመጣሉ እንበል። በእውነቱ የመጡት በ2፡05፥ በ2፡10፥ በ2፡25 እና በ2፡30 ነው። ከአራቱ አንዱ እንኳ ከ5 ደቂቃ በላይ አልዘገየም፤ ስለዚህ ሁሉም በሰዓቱ ደርሰዋል፥ የመስመሩም ውጤት ከመቶ መቶ ነው። በፌርማታው ላይ ግን ልዩነቱ 5 ደቂቃ፥ ቀጥሎ 15 ደቂቃ፥ ቀጥሎም 5 ደቂቃ ሆነ። ተሳፋሪው ሰሌዳ ሳያይ እንደ ወጣ የሚመጣ ስለ ሆነ፥ በ20 ደቂቃ ውስጥ ከሚመጡት 20 ሰዎች 15ቱ በረዥሙ ልዩነት ውስጥ ይወድቃሉ፤ እነርሱም በአማካይ 7 ደቂቃ ተኩል ይጠብቃሉ፤ የቀሩት 5ቱ 2 ደቂቃ ተኩል። የሁሉም አማካይ 6 ደቂቃ ከ15 ሴኮንድ ይሆናል። ሰሌዳው የሰጠው ተስፋ ግን 5 ደቂቃ ነበር። እንግዲህ ከመቶ መቶ ባገኘው መስመር ላይ እያንዳንዱ ተሳፋሪ በአማካይ 1 ደቂቃ ከሩብ ተወስዶበታል ማለት ነው።

ደግሞ ተቃራኒውን እንመልከት። አራቱም አውቶቡሶች እያንዳንዳቸው ልክ 10 ደቂቃ ዘግይተው ቢመጡ፥ በሰዓቱ የደረሰ አንድም የለም፤ ውጤቱ ከመቶ ዜሮ ነው። በፌርማታው የቆመው ሰው ግን በየ10 ደቂቃው አውቶቡስ ሲያልፍ ያያል፤ አማካይ መጠበቂያውም ያው 5 ደቂቃ ነው። ምንም እንዳልጎደለበት ወደ ሥራው ይሄዳል። ዜሮ ያገኘው መስመር መቶ ካገኘው የተሻለ ሕዝብን አገልግሏል።

ለንደኖች ይኸን ከተረዱ ቆይተዋል። በሰዓት 5 ወይም ከዚያ በላይ አውቶቡስ በሚያልፍባቸው መስመሮች ላይ የሚቆጥሩት፥ ተሳፋሪው በእውነት ከጠበቀው ላይ ሰሌዳው በትክክል ቢፈጸም ኖሮ ይጠብቅ የነበረው ተቀንሶ የሚቀረውን ትርፍ የመጠበቂያ ጊዜ ነው። አውቶቡሶቹን የሚያካሂዱት ኩባንያዎች ከትራንስፖርት ፎር ለንደን ጋር ውል የገቡ ናቸው፤ ከ2001 ጀምሮ በተሠራበት የውል ዓይነት ይኸ ትርፍ ጊዜ ሲቀንስ ጉርሻ ያገኛሉ፥ ሲበዛ ከክፍያቸው ይቀነሳል። ከ2007 እስከ 2009 ባለው ጊዜ ደግሞ አይባስ የተባለው መሣሪያ በከተማይቱ አውቶቡሶች ሁሉ፥ በ8,000 ያህል ላይ ተተከለና ቆጠራው በመንገድ ዳር ከሚቆሙ ሰዎች ወደ ማሽን ዞረ።

አውቶቡሶች ለምን እየተጣበቁ እንደሚመጡ ለመረዳት ከፍ ያለ ትምህርት አያስፈልግም፤ ነገር ግን ኒዌልና ፖትስ የተባሉ ሁለት ሊቃውንት በ1964 በሒሳብ አሳይተውታል። ጥቂት የዘገየ አውቶቡስ በሚቀጥለው ፌርማታ ብዙ ሰው ተሰብስቦ ይጠብቀዋል፤ እነርሱን ሲጭን ይብስ ይዘገያል። ከኋላው የሚመጣው ደግሞ የሚጭነው ጥቂት ስለሚያገኝ ይፈጥናል፤ በመጨረሻም የፊተኛው ጢም ብሎ ሞልቶ፥ የኋለኛው ባዶውን፥ አንዱ በአንዱ ጭራ ተከትለው ይደርሳሉ። በምሳሌያችን ላይ ይኸ ቢሆን ልዩነቱ 20 ደቂቃና ዜሮ ይሆናል፤ አማካይ መጠበቂያውም 10 ደቂቃ፥ ማለት የተስፋው ዕጥፍ። የመጀመሪያው ሾፌር ሰነፍ፥ ሁለተኛውም ቀልጣፋ ነው ብሎ የሚጽፍ ሪፖርት ቢኖር የቁጥሩ ትክክል መሆን ከበደል አያድነውም።

አሁን ወኪሉን በዚህ መካከል እናስገባው። አንድ የስምሪት ኃላፊ ጧት ቢሮው ገብቶ «የትናንቱ መስመር እንዴት ዋለ?» ብሎ ይጠይቀዋል። ወኪሉ የተሰጠው በሰዓቱ የደረሱትን የሚቆጥር መሣሪያ ብቻ ከሆነ፥ ያንኑ ጠርቶ ከመቶ መቶ የሚለውን ቁጥር ያመጣል፤ ከዚያም በተዋበ ቋንቋ፥ በመግቢያና በማጠቃለያ አሽሞንሙኖ፥ አገልግሎቱ እጅግ የተሳካ እንደ ነበረ ይጽፋል። ውሸት አልተናገረም። ያልተሰጠው መሣሪያ መኖሩን ስለማያውቅ አይጠይቅም። የእኔ ስጋት ከቁጥሩ ይልቅ ከዚህ ከተዋበው ቋንቋ ላይ ነው። ባዶ ሠንጠረዥ የቀረበለት ሰው ቢያንስ ዐይኑን አጥብቦ ይመለከተዋል፤ በጥሩ አማርኛ ወይም በጥሩ እንግሊዝኛ የተጻፈ ሪፖርት የቀረበለት ግን ፊርማውን ወደ ማኖር ይቸኩላል። ሪፖርት በማንበብ ቀኑን የሚያሳልፍ ሁሉ ይኸን ፈተና ያውቀዋል።

በእኛም ከተማ ሰማያዊና ነጩ ታክሲ ሲሞላ እንጂ ሰዓት ሲደርስ አይነሣም። ሰሌዳ የለውምና «በሰዓቱ ደረሰ» የሚለው መለኪያ ከቶ አይገጥመውም፤ ከአንዱ ታክሲ እስከሚቀጥለው ያለፈው ደቂቃ ግን ሊቆጠር ይችላል። ለንደን የተሠራ ወይም ፖርትላንድ የተሠራ መሣሪያ እንዳለ ተገልብጦ ሲመጣ ሰሌዳ መኖሩን ከወዲሁ አምኖ እንደሚነሣ ገዥው ሊያስብበት ይገባል።

ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ያልመጣው አውቶቡስ ነው። የአውቶቡሶችን ስፍራ የሚያመጣ መሣሪያ በመንገድ ላይ ያሉትን ብቻ ያሳያል፤ ከጋራዥ ያልወጣውን አያሳይም። ከወጡት 8 አውቶቡሶች 8ቱ በሰዓቱ ከደረሱ ውጤቱ ሙሉ ነው፤ በሰሌዳው ላይ 10 ጉዞ ተጽፎ እንደ ነበር የሚያስታውስ ከሌለ። በአሜሪካ በቺካጎ ከተማ ከኮሮና ወረርሽኝ በኋላ የደረሰው ይኸ ነበር። ሾፌሮች አንሰው ብዙ ጉዞዎች ሳይካሄዱ ሲቀሩ፥ በስልክና በፌርማታ ይመጣል የተባለው አውቶቡስ ሳይመጣ ይቀር ጀመር፤ ሕዝቡም «መንፈስ አውቶቡስ» ብሎ ሰየመው። በ2022 በቺ ሃክ ናይት የሚሰበሰቡ በጎ ፈቃደኞች የከተማው የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ለሕዝብ የሚያወጣውን የአውቶቡሶች ስፍራ በየጥቂት ደቂቃው እየሰበሰቡ ከጊዜ ሰሌዳው ጋር አስተያዩና፥ ከታቀደው ጉዞ በእያንዳንዱ መስመር ስንቱ በእውነት እንደ ተካሄደ አሳዩ። ወኪል አልነበራቸውም፤ የነበራቸው ሁለት መዝገብ ጎን ለጎን አስቀምጦ የማየት ብልኀት ነበር። ዛሬ ለወኪል በሚሰጡ መሣሪያዎች ውስጥ ይኸንን የሚሠራው አንዱ ካልገባ ሌሎቹ ሁሉ በከንቱ ናቸው እላለሁ።

የቺካጎ ነገር በዚህም አላበቃም። መሥሪያ ቤቱ በዚያው በ2022 ባወጣው ዕቅድ፥ አዲስ ሾፌሮች እየቀጠረ፥ ሰሌዳውንም ባሉት ሾፌሮች ልክ ማስተካከል ጀመረ። ይመጣል ተብሎ ከሚቀር አውቶቡስ ይልቅ ቀድሞ ቁርጡን መናገር ይሻላልና ለተሳፋሪው በአንድ በኩል የተሻለ ነው። ነገር ግን ልብ እንበል፦ 10 ታቅዶ 8 ሲካሄድ ውጤቱ ከመቶ 80 ነው፤ ዕቅዱ ወደ 8 ሲወርድና 8 ሲካሄድ ከመቶ 100 ይሆናል፤ በመንገዱ ላይ የተጨመረ አንድም አውቶቡስ የለም። አዲስ ሰሌዳ ሲወጣ አሮጌው ከቦታው ይነሣል። የዛሬውን ሰሌዳ ብቻ የሚያነብ መሣሪያ የተሰጠው ወኪል በአንድ ወር ውስጥ ታላቅ መሻሻል ታየ ብሎ ይጽፋል። ስለዚህ የቆዩ ሰሌዳዎችን በየቀናቸው አኑሮ የሚያነብ መሣሪያ ያስፈልጋል፤ ይኸም ውድ ነገር አይደለም፤ መዝገቦቹ ትንንሾች ናቸውና አለመጣል ብቻ ይበቃል። መዝገብ ቤት የሠራ ማንኛውም ሰው እንደሚያውቀው ግን አለመጣልን የመሰለ አስቸጋሪ ሥራ የለም።

ሌላው ጥያቄ ዝምታ ነው። አንድ አውቶቡስ ስፍራውን መናገር ካቆመ፥ ጉዞው ቀርቶ ነው ወይስ መሣሪያው ተበላሽቶ? ለተሳፋሪው ልዩነቱ የሰማይና የምድር ያህል ነው፤ በመዝገቡ ላይ ግን ሁለቱም ባዶ ቦታ ናቸው። ጥሩ መሣሪያ «አልሄደም» እና «አልታየም» የሚሉትን ለያይቶ ለወኪሉ ይነግረዋል። መጥፎው ባዶውን በግምት ይሞላና ግምት መሆኑን ሳይናገር ያልፋል።

እስካሁን የተናገርነው ስለ ማንበብ ነው። መሣሪያ ሠሪዎቹ ግን ከማንበብ አልፈው ስለ ማዘዝም ያስባሉ። አውቶቡሶች ሲጣበቁ የታወቀው መድኃኒት የኋለኛውን በአንድ ፌርማታ ጥቂት ደቂቃ ማቆየት ነው፤ በለንደን አውቶቡስ የተሳፈረ ሰው ልዩነቱን ለማስተካከል ትንሽ እንቆማለን የሚል ድምፅ ሲሰማ የኖረ ነው። ይኸን የሚያዝዘው የቁጥጥር ማዕከል ሠራተኛ ነው። ለወኪሉ «አቁም» የሚል ትእዛዝ የሚልክ መሣሪያ ቢሰጠው ደቂቃ ሳያባክን ሊያደርገው ይችላል። እኔ በበኩሌ ለጊዜው አሳብ እንዲያቀርብ እንጂ እንዲያዝ ባይፈቀድለት እመርጣለሁ፤ ምክንያቴም ሾፌሩ ነው። በ2019 የላፍበራ ዩኒቨርሲቲ ስለ ለንደን አውቶቡስ ሾፌሮች ድካም ባወጣው ጥናት፥ ከአምስቱ ሾፌሮች አንዱ ያህል በሳምንት ቢያንስ ሁለት ሦስት ጊዜ በመሪው ላይ ከእንቅልፍ ጋር እንደሚታገል ተናግሯል። በመጨረሻው ፌርማታ ላይ ያለችው የዕረፍት ደቂቃ በጊዜ ሰሌዳው ላይ ትርፍ ሆና ትታያለች፤ ልዩነትን ብቻ የሚቆጥር ወኪል ሲያገኛት ይወስዳታል። በማዕከሉ የተቀመጠው ሰው ግን በሬድዮ ድምፁን ሰምቶ ይኸ ሾፌር ደክሞታል ሊል ይችላል።

ተሳፍሮ የተቀመጠውም ሰው አለ። አውቶቡሱ ሦስት ደቂቃ እንዲቆም ሲታዘዝ፥ በውስጡ ያሉት 40 ሰዎች እያንዳንዳቸው ሦስት ደቂቃ ይከፍላሉ፤ ይኸም በአንድነት 2 ሰዓት ነው። በወዲያኛው ፌርማታዎች ላይ የሚጠብቁት ከዚህ የበለጠ ሊያተርፉ ይችላሉ፥ ላያተርፉም ይችላሉ፤ ለማወቅ ሁለቱን መመዘን ያስፈልጋል። ለንደን የምትሠራበት ትርፍ የመጠበቂያ ጊዜ ግን የሚቆጥረው በፌርማታ የቆመውን ብቻ ነው። በመስኮት በኩል ወደ ውጭ እያየ አውቶቡሱ እስኪነሣ የሚጠብቀው ሰው እስከ ዛሬ በዚያ ሒሳብ ውስጥ አልገባም።